ጥሪ ነው ወይስ ምኞት? ከጆን ኒውተን ሕይወት የምንማረው

ውድ አንባቢ፣ ጌታን ከልብዎ የሚወዱ ከሆነ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን ወደ እርስዎም መጥቶ ይሆናል። ሥራዬን ትቼ ወደ ሙሉ ጊዜ አገልግሎት ልግባ ወይ? ጌታ መንጋውን እንድጠብቅ እየጠራኝ ነው ወይስ የራሴ ስሜት ነው? ምናልባትም በአንድ ጉባኤ ላይ መጋቢ እንደሚሆኑ የነገረዎት ሰው አለ። ከዚህ ጥያቄ ጋር ለዓመታት የታገለ የአንድ ሰው ታሪክ ልንገርዎ።

ጆን ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1725 ለንደን ውስጥ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እናቱ ኤልሳቤጥ ልጇ የወንጌል አገልጋይ እንዲሆን እየተመኘች ቃሉን አስተማረችው፤ ነገር ግን ሰባት ዓመት ሳይሞላው በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። በ11 ዓመቱ ከመርከበኛ አባቱ ጋር ወደ ባሕር ወጣ። ሲያድግ የእናቱን እምነት ጥሎ በእግዚአብሔር ስም የሚያላግጥ ሰው ሆነ። ከባሕር ኃይል ኮብልሎ ተያዘና ተገረፈ። ቆይቶም በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ በአንድ ባሪያ ነጋዴ እጅ ተራበ፣ ታመመ፣ ተዋረደ። በመጋቢት 1748 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቢቱን ከባድ ማዕበል መታት። በዚያች ቀን ከብዙ ዓመታት በኋላ የጌታን ምሕረት ለመነ። ያችን ቀን እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ሲያስባት ኖረ።

ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለል ክፍል አለ። ኒውተን ከማዕበሉ በኋላ ወዲያው ሰባኪ አልሆነም። ከ1750 እስከ 1754 የባሪያ ንግድ መርከብ አዛዥ ሆኖ ሦስት ጊዜ ተጓዘ። እርሱ ከላይ መጽሐፍ ቅዱስ እያነበበ ይጸልያል፤ ከእግሩ በታች አፍሪካውያን በሰንሰለት ታስረው ይቃትታሉ። መርከቡን የተወውም በድንገት ስለ ታመመ እንጂ ኅሊናው ስለ ከሰሰው አልነበረም። ወገኔ፣ ይህ ያስፈራል። የጸሎት ትጋት ብቻውን የሰው ዓይን ሁሉ እንደ በራ ማረጋገጫ አይደለም። ሌሎችን የሚመራ ሰው አስቀድሞ ጌታ ሊሠራው ያስፈልጋል፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል።

በ1755 በሊቨርፑል ወደብ የጉምሩክ ተቆጣጣሪ ሆነ። ከሥራ በሚተርፈው ጊዜ ግሪክኛና ዕብራይስጥ በራሱ አጠና። ወዳጆቹ ለምን ወደ አገልግሎት እንደማይገባ ይጠይቁት ጀመር። እርሱ ግን አልቸኮለም። በ1758፣ 33ኛ የልደት ቀኑ ከመድረሱ በፊት ስድስት ሳምንት ያህል በጸሎት ራሱን መረመረ። ይህን ሥራ ለምን እንደሚፈልግ፣ ክብር ፈልጎ እንደሆነ፣ የሚበቃ ስጦታ እንዳለው በማስታወሻ ደብተሩ ጻፈ። በልደቱ ቀንም ራሱን ለአገልግሎት ለጌታ ሰጠ።

ከዚህ በኋላ በሮች ሁሉ የተከፈቱለት ይመስልዎታል? በዚያው ዓመት በሊድስ ከተማ ያለ ጽሑፍ ሊሰብክ ቆሞ ጥቂት እንደ ተናገረ ቃል ጠፋበትና አቋረጠ። በታኅሣሥ ወር በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ዲቁና ለመቀበል ቢያመለክትም ሊቀ ጳጳሱ አልተቀበለውም። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ሜቶዲስት ከተባሉት ምእመናን ጋር ያለው ኅብረትም አልተወደደለትም። በ1760 በዋሪክ ከተማ ለአንድ ነጻ ጉባኤ ለሦስት ወር ያህል ሰበከ፤ ያም አልጸናም። ስለዚህ ወደ ጉምሩክ ሥራው ተመልሶ በቤቱ ለሚሰበሰቡት ቃሉን እያካፈለ ጠበቀ። ቆይቶም የሕይወት ታሪኩን የጻፈባቸው ደብዳቤዎች ሎርድ ዳርትማውዝ ዘንድ ደረሱ። በእርሱም ድጋፍ በ1764 በሚያዝያ ዲያቆን፣ በሰኔ ቄስ ሆኖ ተሾመ። ስድስት ዓመት ጠብቆ ነበር።

የተላከውም ወደ ኦልኒ፣ ዳንቴል በመሥራት ወደሚተዳደሩ ድሆች ከተማ ነው። በዚያ 16 ዓመት ያህል ልጆችን አስተማረ፣ የጸሎት ጉባኤ መራ፣ አእምሮው የታወከበትን ባለቅኔ ወዳጁን ዊልያም ካውፐርን ከአንድ ዓመት በላይ በቤቱ አስታመመ። ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን «አሜዚንግ ግሬስ» የተሰኘውን መዝሙር የጻፈውም በዚያ ለ1773 የአዲስ ዓመት ስብከቱ ነበር።

ስለ ጥሪ ምክር ለጠየቀው ሰው ሲጽፍ ኒውተን ሦስት ምልክቶችን አስቀምጧል። አንደኛው ዋጋውን ተምኖም የማይበርድ ብርቱ ፍላጎት ነው። ሁለተኛው ለማስተማር የሚበቃ ስጦታና እውቀት ነው። ሦስተኛው እግዚአብሔር በጊዜው የሚከፍተው በር ነው። ፍላጎት መልካም ነው (1 ጢሞ. 3፥1)፤ ነገር ግን በርናባስንና ሳውልንም መንፈስ ቅዱስ ሲለያቸው ጾማ፣ ጸልያና እጅ ጭና የላከቻቸው ቤተ ክርስቲያን ነበረች (ሐዋ. 13፥1-3)።

በ1785 ዊልያም ዊልበርፎርስ የተባለ የ26 ዓመት የፓርላማ አባል በስውር ወደ ኒውተን መጣ። ጌታን በቅርቡ አግኝቶ ስለ ነበር ፖለቲካውን ይተው እንደሆነ ተጨንቆ ነበር። ኒውተን ግን ባለበት ሆኖ ጌታን እንዲያገለግል መከረው። በ1788 ኒውተን ራሱ ንስሐውን በይፋ አውጥቶ ስለ ባሪያ ንግድ ክፋት ያየውን ጻፈ። በመጋቢት 1807 ፓርላማው ንግዱን በሕግ ከለከለ፤ ለዚህም ዊልበርፎርስ ሃያ ዓመት ያህል ታግሏል። ኒውተን ይህን ካየ በኋላ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ በ82 ዓመቱ ወደ ጌታው ሄደ።

ውድ አንባቢ፣ አንዱ ከጉምሩክ ወደ መድረክ ተጠራ፤ ሌላው በፓርላማ እንዲቀር ተመከረ። ሁለቱም የታዘዙት አንድ ጌታን ነው። እርስዎስ? ልብዎ ለመንጋው ወይስ ለመድረኩ ይቃጠላል? ስጦታዎን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ምን ይላሉ? በሩ ተዘግቶ ከሆነ፣ ዛሬ ባሉበት ቦታ ታማኝ ሆነው ይጠብቃሉ? መልሱን በጸሎት ለጌታ ያቅርቡ። የጠራ እርሱ ከሆነ በጊዜው ይልካል። ጌታ ይባርክዎ።