አቤ ጉበኛ፣ በሰሊጥ አጨዳ ወር

ጎንደር ተማሪ ሳለሁ «አልወለድም»ን ያነበብኩት ከጥናት ለመሸሽ ነበር። ዘንድሮ አብደራፊ ላይ፣ በሰሊጥ አጨዳው ግርግር መሃል፣ እንደገና ገለጥኩት።

አቤ የአቸፈር ልጅ ነው፤ ቅኔ ቤት ያደገ። ከዚያው ከጎጃም ዛሬም ወጣቶች ለአጨዳ ወደኛ ቆላ ይወርዳሉ። አንዳንዶቹ ካላዛር ይዟቸው፣ ጣፊያቸው አብጦ፣ ሰውነታቸው አልቆ እኔ ዘንድ ይመጣሉ።

እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ገብቶ ጋዜጠኛ ሆነ፤ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም ሠርቷል (ለካ ደራሲው የኛም መሥሪያ ቤት ሰው ነበር!)። በኋላ ደመወዙን ትቶ በብዕሩ ብቻ ሊኖር ቆረጠ። ያን ጊዜ ይህን የሞከረ ጥቂት ነው። የዚህ አገር ገበሬ ይገባዋል፤ ማሳውን ሁሉ ሰሊጥ ዘርቶ፣ በደረሰ ሰዓት አጫጅ ካጣ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፍበታል። የአቤም ሰብል ረገፈ። እናቱ ሆድ ውስጥ ሆኖ አልወጣም ብሎ የሚሟገተው ጽንስ ታሪክ በ1955 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ታገደ፤ ደራሲውም ወደ ኢሉባቦር ተጋዘ።

ብቻ መጻፉን አልተወም። በእንግሊዝኛም ጻፈ፤ አሜሪካ፣ አዮዋ ከዓለም ደራስያን ጋር ሰንብቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1972 ዓ.ም. ሲሞት አምሳ እንኳ አልሞላውም።

ሌሊት ምጥ የያዛት እናት አጠገብ ቆሜ ያ ጽንስ ትዝ ይለኛል። እኔማ ደመወዜን መተው አልደፈርኩም። እሑድ እሑድ ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ፣ የጓሮዬ ባሚያ ሳይለቀም ይጠነክርብኛል።