ከገናሌ እስከ ጎዴ፦ ዕድሜውን በትንሽ አውሮፕላን የጨረሰው ካውንት ቮን ሮዘን

ሞተሯ የጠፋባት ትንሽ አውሮፕላን ትልቅ ፓራሹት ዘርግታ ከነተሳፋሪዎቿ ቀስ ብላ መሬት ስታርፍ የሚያሳይ ቪዲዮ ብዙዎቻችሁ ሳታዩ አልቀራችሁም። ሲረስ ትባላለች። ከእንዲህ ያለ ቪዲዮ ስር ሁሌም አንድ ክርክር አይጠፋም። አዲሱ ዲዛይን ነው የሚሻለው ወይስ አባቶቻችን የሚያውቁት ሴስና? እኛ ለዚህ ክርክር የሚሆን አንድ ሰው አለን። ፈረንጅ ነው፣ ግን ታሪኩ የተጀመረውም ያለቀውም እኛው አገር ነው። ቀኖቹን በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የጻፍነው።

ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ነሐሴ 1901 ስዊድን ውስጥ ከባላባት ቤተሰብ ተወለደ። ቤቱ ቀድሞውንም አውሮፕላን አውሮፕላን ይሸት ነበር። አባቱ በ1910 ለፊንላንድ ጦር የመጀመሪያውን አውሮፕላን በስጦታ የሰጠ ሰው ነው። በየካቲት 1912 ደግሞ አባትየው ከስቶክሆልም ወደ ቤተ መንግሥቱ ለመመለስ ፈልጎ፣ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ የሚያበር አንድ ጀርመናዊ ፓይለት በገንዘብ ተከራየ። ዛሬ ቻርተር የምንለው መሆኑ ነው። ፓይለቱ ኸርማን ጎሪንግ ነበር፣ ኋላ የሂትለር አየር ኃይል አዛዥ የሆነው። ጎሪንግ በዚያ ቤት የልጁን አክስት አገኘ፣ በኋላም አገባት። ስለዚህ የእኛ ባለታሪክ የጎሪንግ የሚስቱ የእህት ልጅ ነው ማለት ነው። ልጁ ግን የሄደው በሌላ መንገድ ነው።

ወጣትነቱን በአየር ትርኢት አሳለፈ። አውሮፕላን ገልብጦ እያበረረ ሕዝብ የሚያዝናና ዓይነት ሰው ነበር። ከዚያ በ1928 የጣሊያን ወረራ መጣ።

እዚህ ላይ ወደ ደቡብ እንውረድ። ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው ነገሌ ቦረና ያኔ የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ደጀን ነበረች። ከነገሌ ወደ ዶሎ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ገናሌ ወንዝ ዳር መልካ ዲዳ የሚባል ቦታ አለ። የስዊድን ቀይ መስቀል ሕክምና ቡድን ድንኳኑን የተከለው እዚያ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው ድንኳኖቹን ደበደቧቸው። የቀይ መስቀል ምልክት ነበረባቸው። ተኝተው ይታከሙ የነበሩ ቁስለኞች አለቁ፣ ጉናር ሉንድስትረም የተባለው ስዊድናዊ ተገደለ፣ የቡድኑ መሪ ዶክተር ፍሪደ ሂላንደርም ቆሰለ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጥር 11 ቀን ነገሌ በግራዚያኒ ጦር እጅ ወደቀች።

ሮዘን በዚያ ጦርነት ለቀይ መስቀል የአምቡላንስ አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ ነው ኢትዮጵያ የመጣው። ያበረራት ሄንከል ኤችዲ 21 ትባላለች። በ1910ዎቹ የተሠራች፣ ክንፏ ላይና ታች የተደራረበ፣ የእንጨትና የሸራ ሥራ። ያኔም ቢሆን የድሮ ዲዛይን ነበረች እኮ! ግን የታረሰ ማሳ በሚመስል ሜዳ ላይ በዝግታ ታርፋለች፣ ጥቂት ሜትር ተንደርድራ ትነሳለች፣ ስትቀደድ በመርፌና በሙጫ ትጠገናለች። ቁስለኛ ለማንሳት የሚፈለገው ደግሞ ፍጥነት ሳይሆን ይኼ ነው። በመጋቢት ወር ከቀይ መስቀሉ ሐኪም ከማርሴል ጁኖ ጋር ኮረም ሳለ፣ ይዘውት የሄዱት ትልቁ የፎከር አምቡላንስ መሬት ላይ በጣሊያኖች ቦምብ ነደደ።

(በነገራችን ላይ፣ በጥር 2016 ከጣሊያን የተመለሰችው «ፀሐይ» አውሮፕላንም የዚያው ዓመት ልጅ ናት። በ1928 አዲስ አበባ ተገጣጥማ የበረረች ትንሽ አውሮፕላን። ሮዘንና ፀሐይ በአንድ ሰማይ ስር ነበሩ።)

ቀጥሎ ያለውን ቶሎ እንለፈው። ለሆላንዱ ኬኤልኤም በረረ። በ1932 ፊንላንድ በሶቪየት ስትወረር አንድ የመንገደኛ ዲሲ 2 አውሮፕላን ቦምብ ጣይ አድርጎ ሄደላት። አውሮፕላኑ እስከ ዛሬ ፊንላንድ ውስጥ ተቀምጧል።

ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አየር ኃይል እንዲያቋቁምላቸው ጠሩት። ቢሾፍቱ ላይ ከስዊድን ባመጣቸው አስተማሪዎች ሥራ ጀመረ፣ እስከ 1948ም ቆየ። ለማስተማሪያ የመጣችው ሳብ ሳፊር ነበረች፤ በኅዳር 1938 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረች፣ በዘመኗ በጣም ዘመናይ የሆነች። አካሏ ብረት፣ ክንፏ አንድ ጥንድ ብቻ፣ ጎማዋን በአየር ላይ ወደ ሆዷ የምታጥፍ። ትንሽ የግል አውሮፕላን ጎማ ማጠፉ ያኔ የዘመናዊነት ማረጋገጫ ነበር። ሮዘን በ1939 አንዷን ሳፊር ተጨማሪ ነዳጅ አጭቆ ከስቶክሆልም አስነሳና ወደ 31 ሰዓት ገደማ ሳያርፍ በርሮ አዲስ አበባ ገባ። ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአገራችን ቀደምት ፓይለቶች የመጀመሪያ በረራቸውን የተማሩት በዚህች ዓይነት አውሮፕላን ነው።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚገርመን። ሮዘን ቀጥሎ የመረጣት አውሮፕላን ከሳፊር ሃያ ዓመት ገደማ ታንሳለች፣ ግን ጎማዋ አይታጠፍም!

ኤምኤፍአይ 9 ትባላለች። ቢዮርን አንድሬያሶን የተባለ መሐንዲስ ለግል ሰውና ለበረራ ክለብ ብሎ የነደፋት ባለ ሁለት ወንበር፣ ሞተሯ 100 የፈረስ ጉልበት ብቻ። ብልሃቷ ክንፏ ላይ ነው። ክንፉ ከፍ ብሎ ከተቀማጮቹ ኋላ ይጀምርና ጫፉ ትንሽ ወደ ፊት ያዘነብላል። ስለዚህ አብራሪው ወደ ላይም ወደ ታችም ሲያይ የሚጋርደው የለም። እንደ ሳፊር ከታች ክንፍ ያለው አውሮፕላን ላይ ወደ መሬት ስታይ የምታየው ግማሹ የራስህን ክንፍ ነው።

ሮዘን ይህችን መጫወቻ የምትመስል አውሮፕላን በቢያፍራ ጦርነት የጦር መሣሪያ አደረጋት። መጀመሪያ የሄደው እርዳታ ሊያደርስ ነበር፤ በ1960 በተከበበችው ቢያፍራ የምግብ አውሮፕላን ዝቅ አድርጎ እያበረረ አስገብቷል። በግንቦት 1961 ግን በአምስት ኤምኤፍአይ 9 ላይ ሮኬት አስገጥሞ የናይጄሪያን አየር ማረፊያዎች መታ። ስዊድናውያንና የቢያፍራ ተወላጆች አብረው ነው ያበረሩት። የዛፍ ጫፍ እየታከኩ ስለሚመጡ ራዳርም ሆነ ተኳሽ ቶሎ አያገኛቸውም ነበር።

እኛ ይህን ምዕራፍ እንደ ጀብዱ ብቻ መንገር ይከብደናል። ከሰማይ የሚወርድ እሳት የሕክምና ድንኳን ላይ ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ነው። የእርዳታ በረራውን የሚያሰጉት የናይጄሪያ አውሮፕላኖች ናቸው ብሎ አመነ፣ እነሱን መሬት ላይ ሊያጠፋ ሄደ። ያም ሆኖ ለስፖርት የተሠራች አውሮፕላን ሮኬት ስትታጠቅ ማየት ቀላል አይደለም።

ከዚያ 1966 መጣ፣ ረሃቡ። ሮዘን ተመለሰ። አሁን የያዘው የዚያችው ታናሽ እህት የሆነችውን ኤምኤፍአይ 15 ነው። አንድሬያሶን ይህችንም ያው ወደ ፊት ባዘነበለ ክንፍ ሠራት፣ ሞተሯን ወደ 200 የፈረስ ጉልበት አሳደጉት። ጎማዋ አሁንም ቋሚ ነው። የጭራዋን አግዳሚ ክንፍ ደግሞ ወደ ላይ ሰቀሉት፣ ሸካራ መሬት ላይ ስታርፍ ጠጠርና ቁጥቋጦ እንዳይመታው። እስቲ አስቡት፣ ይህ ማሻሻያ ለቆላ ሜዳ የታሰበ አይመስልም? ሮዘን ሮኬት በተሰቀለበት ቦታ የእህል ጆንያ ሰቀለ። መንገድ በሌለበት፣ መኪና በማይገባበት፣ ማረፊያም ባልተጠረገበት ቦታ ዝቅ ብሎ እያለፈ ጆንያውን ይለቀዋል። ቢያፍራ ላይ የተለማመደው ዝቅ ብሎ የመብረር ጥበብ እዚህ እህል ማድረሻ ሆነ።

አሁን ወደ ክርክራችሁ እንመለስ። ሴስና 172 በ1948 ገበያ ገባች፣ ከ44,000 በላይ ተመርታለች፣ ዛሬም አዲስ ትሸጣለች። ክንፏ ከላይ ነው፣ ጎማዋ አይታጠፍም። በ1993 ገበያ የገባችው ሲረስ ኤስአር 22 ደግሞ አካሏ ከፋይበር፣ መሣሪያዋ ስክሪን፣ ከላይ የጠቀስነው ፓራሹትም አላት። ግን ጎማዋን እዩት፤ እሱም አይታጠፍም። መሐንዲሶቹ ጎማው በደንብ ከተሸፈነ አየሩን ብዙም እንደማይጎትት፣ ማጠፊያው ግን ክብደት፣ ወጪና ብልሽት እንደሚያመጣ ስላሰሉ ነው። የ1938ቱ ዘመናዊነት ለ1993ቱ አላስፈለገም ማለት ነው።

ሲረስን ነገሌ ዙሪያ ባለ የአፈር ሜዳ ላይ እናሳርፋት ብትሉን ግን እኛ አንስማማም። ዝቅ ያለ ክንፍ፣ ትንንሽ ጎማ፣ ጠባብ የጎማ ሽፋን። አንድ የምስጥ ኩይሳ ይበቃታል። ሁለተኛው ጣጣ ነዳጅ ነው። ሴስና 172ም ሲረስም የሚነዱበት ልዩ ቤንዚን አፍሪካ ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም። ለዚህ ነው በቆላ ከተሞች የእርዳታና የቻርተር ሥራ ላይ የትልልቆቹን አውሮፕላኖች ነዳጅ የምትጠቀመው ሴስና ካራቫን የምትመረጠው። እሷም ክንፏ ከላይ፣ ጎማዋ ቋሚ።

ሮዘን በ1969 ክረምት እንደገና ቆላ ወረደ፣ ዋቢ ሸበሌ ዳር ወዳለችው ጎዴ። ዕድሜው 67 ነበር፤ የመጣውም ለተራቡት እርዳታ ለማድረስ ነው። የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ውስጥ እየገባ ነበር። ሐምሌ 6 ቀን ጎዴ ላይ ጥቃት ተከፈተ። ሮዘን ያን ጊዜ አየር ላይ አልነበረም፣ መሬት ላይ እንዳለ ተገደለ።

ኤምኤፍአይ 15ን ፓኪስታን ፈቃዷን ገዝታ ሙሻክ በሚል ስም መሥራት ቀጠለች። ጎማዋ ያው ቋሚ፣ ክንፏም ያው ወደ ፊት ያዘነበለ ነው።