ማቴዎስ አርመናዊ፤ የእቴጌ እሌኒ መልእክተኛ

ዐፄ ናዖድ በ1508 (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) ባረፉ ጊዜ ዙፋኑን የወረሱት ልጃቸው ልብነ ድንግል ገና ብላቴና ነበሩ። የመንግሥቱ አሳብ በእቴጌ እሌኒ ጫንቃ ላይ ወደቀ። እሌኒ የሐድያ ገራድ ልጅ፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት የነበሩ፣ በዕድሜና በምክር የበሰሉ እመቤት ናቸው። የቱርክ ኃይል ወደ ቀይ ባሕር እየገፋ መምጣቱን፣ ፖርቱጋሎችም በመርከብ አፍሪቃን ዞረው ሕንድ መድረሳቸውን ተረድተው ነበርና ለፖርቱጋል ንጉሥ ለማኑኤል ደብዳቤ አዘጋጁ። እናንተ መርከብ አላችሁ፣ እኛ ሠራዊትና ስንቅ አለን፤ ልጆቻችንም በጋብቻ ይተሳሰሩ የሚል አሳብ የያዘ ነበር። ከደብዳቤው ጋር ከጌታችን መስቀል ዕንጨት የተሠራ አነስተኛ መስቀል ላኩ።

አስቸጋሪው ነገር መልእክተኛውን ማግኘት ነበር። ከኢትዮጵያ የሚያስወጣው መንገድ ሁሉ በግብፅ ማምሉኮችና በባሕር ዳር ሡልጣኖች እጅ ነው። አጀብ ያስከተለ መኰንን ቢላክ ከመርከብ ሳይሳፈር በተያዘ ነበር። ስለዚህ የእሌኒ ምርጫ በአንድ አርመናዊ ነጋዴ ላይ ዐረፈ፤ ስሙ ማቴዎስ ይባላል። ዐረብኛ ያውቃል፣ የገበያውን ሥርዐት ያውቃል፣ ነጋዴም ስለሆነ ወዴት ትሄዳለህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ባለቤቱንና ያዕቆብ የሚባል ኢትዮጵያዊ ወጣት አስከትሎ፣ የመንግሥት ምሥጢር በንግድ ዕቃ መካከል ሸሽጎ ተነሣ።

የእሌኒ ብልሃት ከጠላት ዐይን አዳነው፤ በወዳጅ ዘንድ ግን መከራ ሆነበት። በሕንድ ጠረፍ በዳቡል ወደብ የአገሩ ሹም ይዞ አሰረው። የፖርቱጋሎች እንደራሴ አልቡከርክ አስፈትቶት በ1512 መጨረሻ ጎዋ ሲገባ መስቀሉ በካህናት ሰልፍ ተቀበለ። ነገር ግን ከመኳንንቱ ብዙዎች አላመኑም። ፊቱ እንደ ሐበሻ አይደለም፣ ሠራዊት አላስከተለም፣ ገጸ በረከቱም ለንጉሥ የሚበቃ አይመስልም፤ እንግዲህ የግብፅ ሡልጣን ሰላይ ነው አሉ። እውነቱን ለመናገር ጥርጣሬያቸው ፈጽሞ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የተላከው ይህን እንዲመስል ታስቦ ነውና።

አልቡከርክ ግን አምኖ ወደ ፖርቱጋል ሰደደው። በመንገድ የመርከብ አለቆቹ በእግር ብረት አሰሩት፣ ባለቤቱንም አዋረዱ። በየካቲት 1514 ሊዝቦን ሲደርስ ንጉሥ ማኑኤል በታላቅ ክብር ተቀበለው፤ የተደረገበትን በሰማ ጊዜም አለቆቹን አሳሰራቸው። ማቴዎስ ግን በእነርሱ ፈንታ ለምኖ አስፈታቸው። ስለ ሌላው ሥራው መከራከር ይቻል ይሆናል፤ ይህ ግን የሰውየውን ልብ ያሳያል።

በዚያ ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሃይማኖትና ሥርዐት ተጠይቆ መልስ ሰጠ። ያን ጊዜ በቤተ መንግሥቱ በብላቴንነት ያገለግል የነበረው ዳሚያኦ ደ ጎይሽ ኋላ የመልእክቱን ነገር በ1532 በአንትወርፕ በመጽሐፍ አሳተመው። ሆኖም ማቴዎስ ነጋዴ እንጂ የጉባኤ ቤት ሰው አልነበረም፤ በኋላ ሊዝቦን የደረሱት አባ ጸጋ ዘአብ ቃሉን ነቅፈው የሃይማኖቱን ነገር እንደገና ጽፈዋል።

መመለሻውም እንደ መሄጃው ረጅም ነበር። በ1515 ዱዋርቴ ጋልቫኦ ከሚባል ሽማግሌ አምባሳደር ጋር ከሊዝቦን ተነሣ። ጋልቫኦ በ1517 በቀይ ባሕር በከማራን ደሴት ሞተ፤ መርከቦቹም ኢትዮጵያ ሳይደርሱ ማቴዎስን ይዘው ወደ ሕንድ ተመለሱ። እንግዲህ ሦስት ዓመት ደግሞ ሰላይ ነው በሚሉት ሰዎች መካከል መቀመጥ ነበረበት።

በሚያዝያ 1520 የሴኬይራ መርከቦች ምጽዋ ደረሱ። የደብረ ቢዘን መነኮሳት ከተራራው ወርደው ማቴዎስን እንደሚያውቁት ሰው በደስታ ሰላም አሉት፤ ባሕረ ነጋሹም መጥቶ ከሴኬይራ ጋር ቃል ተጋባ። በዐሥር ዓመት መንከራተት ያልተገኘው ምስክርነት በጥቂት ቀናት ተገኘ። እንዲያም ሆኖ ማቴዎስ መልእክተኞቹን ከዋናው መንገድ አውጥቶ በጫካ ወደ ገዳሙ ሲመራቸው፣ ወዴት ሊወስደን ነው ብለው ዳግመኛ ጠረጠሩት። የመራቸው ወደ ገዳም ነበር። እዚያ ንዳድ ያዛቸው፤ በግንቦት ወር ማቴዎስ በደብረ ቢዘን ሥር በነበረ የቅዱስ ሚካኤል ገዳም አረፈ። የእቴጌይቱን ፊት ዳግመኛ አላየም።

መልእክተኞቹ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወደ ንጉሡ ሰፈር ደረሱ። ከእነርሱ አንዱ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት በኢትዮጵያ ቆይቶ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ለአውሮጳ ያስተዋወቀውን መጽሐፍ ጻፈ። ዐፄ ልብነ ድንግል በመጀመሪያ ማቴዎስን እርሳቸው እንዳልላኩት ተናገሩ። ኋላ ግን ለንጉሥ ማኑኤል በጻፉት ደብዳቤ፣ ያን ጊዜ እርሳቸው ልጅ እንደነበሩና ማቴዎስን የላኩት እሌኒ እንደሆኑ በግልጽ አስታወቁ። ደብዳቤው በ1527 ሊዝቦን ሲገባ ማኑኤል ካረፈ ስድስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።