ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጃፓንን ያዩበት ዓይን

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን አብዛኞቻችን የምናውቃቸው ከሃይስኩል የአማርኛ መጽሐፍ ነው። “ወዳጄ ልቤ” ብለን ርእሱን እንሸመድዳለን፣ ፈተና ላይ እንጽፈዋለን፣ በዚያው ያበቃል። እኔ ግን ዛሬ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ሌላውን ኅሩይ ነው። ጃፓን ድረስ ሄደው፣ ያዩትን ጽፈው፣ ለአገራቸው ሰው ያስነበቡትን። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከልቦለዳቸው ይልቅ ይህ ሥራቸው የሚቀርበን ይመስለኛል።

የተወለዱት ግንቦት 1 ቀን 1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ መርሐ ቤቴ ነው። ትምህርታቸው የቤተ ክህነት ነው፤ እንጦጦ ራጉኤል ተምረዋል። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብተው ዲግሪ አልያዙም። ይሁንና በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ ሲጭን ለንደን ከሄደው የኢትዮጵያ መልእክተኛ ቡድን ጋር ነበሩ፤ በ1916 ዓ.ም. ደግሞ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞረዋል። በመካከሉ የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል፣ ዳኛም ሆነዋል። በመጨረሻ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ይህ ሁሉ ሥራ እያለባቸው መጻፍ አላቆሙም። በ1904 ዓ.ም. በአገራችን የሚገኙ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳተሙ፤ በ1915 ዓ.ም. ደግሞ የታዋቂ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ሰብስበው በአንድ ጥራዝ አወጡ። መረጃ አሰባስቦ መዝግቦ ማስቀመጥ ልማዳቸው ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ጃፓን ከየት መጣች? ነገሩ ከእሳቸው በፊት የተጀመረ ነው። እኛ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ጣሊያንን አሸነፍን። ጃፓን ደግሞ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሩሲያን አሸነፈች። ያኔ የነበሩት የተማሩ ኢትዮጵያውያን ሁለቱን ድሎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ሁለታችንም ነጭን አሸንፈናል፤ ታዲያ እነሱ ባቡርና ፋብሪካ ሲሠሩ እኛ ለምን እዚያው ቀረን? ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ “አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ” በሚለው ጽሑፉ ጃፓንን በምሳሌነት ያነሣት ለዚህ ነው። የታሪክ ምሁራን እነዚህን ሰዎች ጃፓን ወዳዶች እያሉ ይጠሯቸዋል፤ ኅሩይም ከእነሱ ይቆጠራሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው አንድ ነገር አለ። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ1881 ዓ.ም. የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት ሞዴል አድርጎ መዘጋጀቱ እውነት ነው። ሲባል እንደምንሰማው ግን ኅሩይ ከጃፓን ይዘውት የመጡት አይደለም። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ የተፈረመውም ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ኅሩይ መርከብ የተሳፈሩት ከዚያ በኋላ ነው። ቀኑን ማየት ብቻ ይበቃል።

ጉዞው የወዳጅነት ጉዞ ነበር። ጃንሆይ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ጃፓን መልእክተኛ ልካ ነበርና ብድሩን ለመመለስ፤ በኅዳር ወር ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመው ነበር። ኅሩይ ልጅ አርአያ አበበን፣ ተፈሪ ገብረ ማርያምንና ዳባ ብሩን አስከትለው በጥቅምት 1924 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ጃፓን ደረሱ። ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ተቀበሏቸው። ሕዝቡም ባንዲራ እያውለበለበ ወጣላቸው። ሲመለሱ የጻፉት መጽሐፍ ርእሱ ራሱ ስሜታቸውን ይናገራል፤ “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” ይላል። በ1924 ዓ.ም. አዲስ አበባ ታተመ፣ በኋላም በጃፓንኛ ተተርጉሞ ቶኪዮ ላይ ወጣ። በዚያ ዘመን አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ጃፓንኛ መናገሩ ቀላል ነገር አይደለም እኮ!

ኅሩይ ልባቸው የሄደው ሁለቱ አገሮች ወደሚመሳሰሉበት ነው። ሁለቱም ከጥንት የሚቆጠር የነገሥታት ሐረግ አላቸው። እኔ አንድ ልጨምር፤ ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ካገር ባስወጡበት ዘመን ጃፓንም የውጭ ሚሲዮናውያንን አስወጥታ በሯን ዘግታለች። መመሳሰሉ ያስገርማል። ግን ጃፓን በ1860 ዓ.ም. መንግሥቷን ካደሰች በኋላ ሕፃን ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገባ አድርጋለች፣ ግብሩን አስተካክላለች፣ ፋብሪካ ተክላለች። የዘር ሐረግ ብቻውን ባቡር አይነዳም።

አያቴ ጨንቻ ውስጥ ሸማኔ ነበሩ፤ ስለዚህ ይህን ታሪክ ሳነብ ዓይኔ ቶሎ የሄደው ወደ ጨርቁ ነው። በ1920ዎቹ ኢትዮጵያ ከጃፓን የምታስገባው በዋናነት የጥጥ ጨርቅ ነበር። ርካሽ ስለሆነ የአሜሪካኑን አቡጀዲ ከገበያ ገፍቶ አስወጣው። ለሚኒስትሩ ጃፓን የብርሃን ማደሪያ ናት። ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ ቀኑን ሙሉ መወርወሪያ ለሚያመላልሰው የዶርዜ ሸማኔ ግን በማሽን ተሠርቶ በመርከብ የሚመጣ ተወዳዳሪ ናት። በክላስ ስለ ምንጭ ስንማር ማንን አልጠየቅህም የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ለነገሩ ኅሩይ የመንግሥት እንግዳ ነበሩ፤ እንግዳ የሚያየው ባለቤቱ የከፈተለትን ክፍል ነው።

ያልተከፈተው ክፍል ደግሞ ነበር። ኅሩይ ገና ጃፓን ሳይደርሱ፣ መስከረም 7 ቀን 1924 ዓ.ም. የጃፓን ጦር ሙክደን ላይ ሰበብ ፈጥሮ ማንቹሪያን መውረር ጀመረ። እሳቸው ቶኪዮ ላይ ግብዣ ሲጋበዙ ቻይና ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ትል ነበር። ማኅበሩ ኮሚሽን ላከ፣ ሪፖርት ተጻፈ፣ ጃፓንም በ1925 ዓ.ም. ማኅበሩን ጥላ ወጣች። ያገዳት አልነበረም። ሙሶሊኒ ይህን ሁሉ እያየ ነበር።

ወዳጅነቱ ግን ለጊዜው ደራ። ከኅሩይ ጋር ሄደው የነበሩት ልጅ አርአያ አበበ ጃፓናዊት ለማግባት ፈለጉ፤ ኩሮዳ ማሳኮ የምትባል የመኳንንት ልጅ ተመረጠች። የጃፓን ጋዜጦች ወሬውን አጮኹት፣ የአውሮፓ ጋዜጦችም ተቀባበሉት። በ1926 ዓ.ም. ሠርጉ ሳይሆን ቀረ፤ የጣሊያን እጅ አለበት ተብሎ በሰፊው ተነግሯል። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ሮም የነበረው የጃፓን አምባሳደር አገሩ በኢትዮጵያ ጉዳይ እንደማትገባ ለሙሶሊኒ ሲነግረው የቶኪዮ ሕዝብ ተቆጣ፤ ለኢትዮጵያ እንዝመት የሚሉ ሳይቀሩ ተነሡ። የሕዝብ ፍቅርና የመንግሥት ጥቅም ግን አንድ አይደለም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ወረረን። ጃፓን በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የከፈተችውን ሌጋሲዮን በ1929 ዓ.ም. ወደ ቆንስላ አወረደችው። የኢትዮጵያን መያዝ ተቀበለች ማለት ነው። በለውጡ ጣሊያን ሙክደን ላይ ቆንስላ ከፈተች። አንተ የያዝከውን ላንተ፣ እኔ የያዝኩትን ለእኔ ዓይነት ነገር።

ኅሩይ ይህን የሰሙት በስደት ሆነው ነው። ከጃንሆይ ጋር በኢየሩሳሌም በኩል እንግሊዝ ገብተው ባዝ ከተማ ተቀምጠው ነበር። ለዓመታት የደከሙበትን የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸውን ጣሊያኖች አጥፍተውታል። ካምብሪጅ የተማረው ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በ1929 ዓ.ም. በፋሽስት ተገደለ። እሳቸውም መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በ60 ዓመታቸው፣ ጃንሆይ ይኖሩበት በነበረው ፌርፊልድ ሃውስ አረፉና እዚያው ባዝ ተቀበሩ። አገራቸው ነፃ የወጣችው ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ጃንሆይ በኅዳር 1949 ዓ.ም. ጃፓንን ሲጎበኙ መንገዱን ቀድመው ያዩት ሚኒስትር ካረፉ 18 ዓመት አልፏቸው ነበር።