ኒኮላይ ቫቪሎቭ፦ ለዘር የኖሩ ሳይንቲስት

ከትምህርት ቤት ስንወጣ የተቆላ ለውዝ ገዝተን እየበላን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ለውዝ መጀመሪያ የበቀለው ግን በደቡብ አሜሪካ ነው። የሰብሎችን የትውልድ ስፍራ በዓለም ዙሪያ እየተዘዋወሩ ካጠኑት ሰዎች ዋነኛው ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነበሩ።

ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1887 በሞስኮ ተወለዱ። በአገራቸው ግብርና ከተማሩ በኋላ ወደ እንግሊዝ ሄደው፣ በዚያ ዘመን አዲስ የነበረውን የዘረመል ሳይንስ ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ አጠኑ። ሩሲያ በረሃብ የምትጠቃ አገር ስለነበረች፣ ዕውቀታቸውን በሽታንና ድርቅን የሚቋቋም ሰብል ለማግኘት ሊያውሉት ቆረጡ።

በአንድ ማሳ ያለው ሰብል ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ አንድ በሽታ ሊያጠፋው ይችላል። ማንም ልብ ያላላት የገጠር ዝርያ ግን በሽታውን የምትቋቋምበት ባሕርይ ሊኖራት ይችላል። ያን ባሕርይ በማዳቀል ምርቱ ከፍ ወዳለው ዝርያ ማሻገር ይቻላል። ስለዚህ አስቀድሞ ልዩ ልዩ ዘር መሰብሰብ ያስፈልጋል። ቫቪሎቭ ብዙ ዓይነት ዝርያ የሚገኘው ሰብሉ ከጥንት ጀምሮ በለማበት አገር እንደሆነ አስተማሩ። ከእነዚህ አገሮች አንዷ የጤፍ፣ የኑግና የቡና እናት ኢትዮጵያ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1927 መባቻ ላይ፣ እኛ በምንኖርባት በጅቡቲ በኩል አልፈው ኢትዮጵያ ገቡ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ተቀብለው አነጋገሯቸው። ከዚያም በበቅሎ ወደ ሰሜን ተጉዘው ከገበሬው ማሳ የስንዴ፣ የገብስና የሌላም እህል ዘር ሰበሰቡ። በሌኒንግራድ የሚመሩት ተቋምም በጊዜው በዓለም ትልቁ የዘር ማከማቻ ሆነ።

መጨረሻቸው ግን አሳዛኝ ነው። የዘረመልን ሳይንስ የሚክደው ትሮፊም ሊሴንኮ በስታሊን ዘንድ ተሰሚነት አገኘ፤ ቫቪሎቭም በ1940 ታሰሩ። የዓለምን ረሃብ ለማስቀረት የደከሙት ሰው በጥር 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ ተጎሳቁለው ሞቱ።

በዚያው ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ሕዝቧ በረሃብ ያልቅ ነበር። የተቋሙ ባልደረቦች በሩዝና በስንዴ ከረጢቶች መካከል እየተራቡ ዘሩን ጠበቁ። የለውዝ ባለሙያው አሌክሳንደር ሽቹኪን በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ እንዳሉ ሕይወታቸው አለፈ። የሩዝ ባለሙያው ዲሚትሪ ኢቫኖቭም እንዲሁ። ዘሩ ግን ተረፈ።

ቫቪሎቭ በ1955 ከክሱ ነጻ ተባሉ፤ ተቋሙም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ገበሬ አያቶቻችን በክፉ ቀን እንኳ የዘር እህል ላለመንካት ይታገሉ እንደነበር ወላጆቻችን ነግረውናል። የሌኒንግራድ ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከእንግዲህ ለውዝ ስንፈለፍል፣ ፍሬው ምግብ ብቻ ሳይሆን ለነገ የተቀመጠ አደራም መሆኑን እናስታውሳለን።