ከኋላ ጎማ ጋር ዕድሜውን የታገለው ዞራ

ክረምት ላይ በጎንደር መንገድ በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መኪናው ጭቃ ውስጥ ይገባል፤ ሾፌሩ ነዳጅ ይሰጣል፤ ሞተሩ ይጮኻል። የኋላው ጎማ ግን ባዶውን እየተሽከረከረ ጭቃ ይረጫል እንጂ ንቅንቅ አይልም። ጉልበቱ አለ፤ ጎማው የሚቆነጥጠው መሬት ነው የጠፋው። ረዳቱ ወርዶ ድንጋይና ቅጠል ይወትፋል፣ ተሳፋሪው ይገፋል። ዞራ አርኩስ-ዱንቶቭ የሚባለው መሐንዲስም ዕድሜውን ሲታገል የኖረው ከዚሁ ችግር ጋር ነበር። የእሱ ትግል ግን ጭቃ ላይ ሳይሆን፣ ከአሜሪካ ፈጣን መኪኖች መካከል ስሟ ቀድሞ በሚነሳው በኮርቬት ላይ ነበር።

ዞራ በ1909 በቤልጅየም ዋና ከተማ በብራስልስ ተወለደ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ወላጆቹ ከሩሲያ የመጡ አይሁድ ነበሩ፤ አባቱ የማዕድን መሐንዲስ፣ እናቱ የሕክምና ተማሪ። ልጅነቱን ያሳለፈው ሩሲያ ውስጥ፣ አብዮት በሚናጥ አገር ነው። ወላጆቹ ተለያይተው እናቱ ዱንቶቭ ከሚባል ሰው ጋር ኖረች። ዞራና ወንድሙ ዩራ ሲያድጉ የወላጅ አባታቸውን ስም ሳይጥሉ የእንጀራ አባታቸውን ጨመሩበት፤ አርኩስ-ዱንቶቭ የሚለው ድርብ ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ቤተሰቡ በ1927 ወደ በርሊን ሄደ። ዞራ እዚያ ሞተር ሳይክል እያበረረ ምህንድስና ተማረ፤ በ1934ም ተመረቀ። ሂትለር ሥልጣን ከያዘ ያን ጊዜ አንድ ዓመት አልፎታል። በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ ኤልፊ የምትባል ጀርመናዊት ዳንሰኛ አገባና፣ ጦርነቱ ሲነሳ ከወንድሙ ጋር በፈረንሳይ አየር ኃይል ተመዘገበ።

በ1940 ፈረንሳይ እጇን ሰጠች። ኤልፊ ፓሪስ ነበረች። ትንሿን የእንግሊዝ መኪናዋን አስነስታ፣ ጀርመኖች ሳይደርሱባት ብቻዋን እየነዳች ወደ ቦርዶ ወረደች። ዞራ በበኩሉ በማርሴይ ከተማ ከስፔን ቆንስላ የመውጫ ቪዛ ለቤተሰቡ ሁሉ አገኘ። ከዚያ ወደ ፖርቱጋል፣ ከፖርቱጋል በመርከብ ወደ ኒውዮርክ። በሱዳን በኩል ለመጣ ሰው አንዲት ማኅተም የተመታባት ወረቀት ምን ያህል እንደምትመዝን ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

ወንድማማቾቹ አሜሪካ ገብተው አርደን የሚባል ፋብሪካ ከፈቱ፤ ስሙ ከአርኩስና ከዱንቶቭ የተቆረጠ ነው። ለጦሩ ዕቃ ሠሩ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ለፎርድ ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር ከአሉሚኒየም አዲስ ቴስታታ ሠሩ፤ ቫልቮላዎቹን ከጎን ወደ ላይ አዛውረው የሞተሩን ጉልበት ብዙ ጨመሩለት። ፋብሪካው ግን አልዘለቀም። ዞራ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ አላርድ ለሚባል የመኪና ድርጅት ሠራ፣ በፈረንሳይ በሚካሄደው የ24 ሰዓት የለማን ውድድርም ነዳ።

በጥር 1953 ጀኔራል ሞተርስ በኒውዮርክ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል አዲስ መኪና አሳየ፤ ኮርቬት። ዞራ በመልኳ ተማረከ። ሞተሯ ግን ደካማ ባለስድስት ሲሊንደር ነበር። ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፈ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት መጀመሪያ ላይ ተቀጠረ። ዕድሜው 43 ነበር፤ አፉም እንግሊዝኛውን በሩሲያኛ ቃና ነበር የሚናገረው።

ኮርቬት በ1955 ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር አገኘች። ዞራ በ1956 መጀመሪያ ላይ ፍሎሪዳ ውስጥ በዴይቶና ባሕር ዳርቻ፣ ጎማ እንደልቡ በማይይዝበት አሸዋ ላይ፣ ራሱ እየነዳት በሰዓት ከ240 ኪሎ ሜትር በላይ አስሮጣት። ጉልበት ከዚያ በኋላ ችግር አልነበረም። ችግሩ ጉልበቱን መሬት ላይ ማሳረፍ ሆነ።

የድሮዋ ኮርቬት ከኋላ እንደ ጭነት መኪና ነበረች፤ ሁለቱን ጎማ የሚያያይዝ አንድ ድፍን ብረት፣ ከሥሩም ግራና ቀኝ ባሌስትራ። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲነካ ሌላውም አብሮት ይዘነብላል። ሾፌሩ በድንገት ነዳጅ ሲሰጥ ባሌስትራው ይጠመዘዝና ጎማዎቹ መሬቱን ትተው ይነጥራሉ። ዲፈረንሻሉም የራሱ ክፋት አለው፤ አንዱ ጎማ ከተንሸራተተ ጉልበቱን ሁሉ ለሚንሸራተተው ይሰጥና ደረቁን የያዘው ጎማ ዝም ብሎ ይቆማል። የጎንደሩ አውቶቡስ በሽታም ይኸው ነው። ከ1957 ጀምሮ ኮርቬት የሚገዛ ሰው ከፈለገ፣ ጨምሮ ከፍሎ፣ ጉልበቱን ለሚይዘውም ጎማ የሚያካፍል ዲፈረንሻል ማስገባት ቻለ።

ዞራ በዚህ አልረካም። በ1960 አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ የሙከራ መኪና ሠርቶ፣ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ ለብቻው ከፍ ዝቅ እንዲል አደረገ። ያ አሠራር በ1963 ስቲንግ ሬይ በተባለችው ኮርቬት ገበያ ወጣ። ዲፈረንሻሉ ከሻንሲው ጋር ታሰረ፤ ሁለቱ ባሌስትራዎች ቀርተው አንድ ብቻ በአግድም ተዘረጋ። አንዱ ጎማ ሲዘል ሌላው መንገዱን እንደያዘ ይቀራል። በዚያ ዘመን ሌሎቹ ጉልበተኛ የአሜሪካ መኪኖች በብዛት ገና በድፍኑ ብረት ላይ ይነጥሩ ነበር።

የዞራ ዋናው ምኞት ግን ሌላ ነበር። ባዶ ፒክአፕ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል፤ አምስት ኩንታል እህል ከኋላ ሲጫንበት ይወጣል። ኮርቬት ከባዱን ሞተር የተሸከመችው በፊት ነው፤ የሚገፉት ጎማዎች ደግሞ የኋላዎቹ ናቸው። ታዲያ ሞተሩ ለምን ከነጂው ጀርባ፣ ወደሚገፉት ጎማዎች ተጠግቶ አይቀመጥም? የዞራ የሙከራ መኪና እንዲህ ነበረች። በ1964 ሁለተኛዋን ሠራ፤ እሷማ በአራቱም ጎማ የምትገፋ ነበረች። ሌላም ተሠርታ በ1970 በኒውዮርክ ትርኢት ሕዝብ አየላት። የኩባንያው አለቆች ግን እምቢ አሉ። ወጪው ብዙ ነው፤ ያለችውም ኮርቬት በደንብ ትሸጣለች። እንደ ነጋዴ ስሌታቸው ስህተት አልነበረም፤ ይህ ነው ነገሩን የሚያሳዝነው።

በዚያው በ1970፣ በኅዳር ወር፣ እዚሁ በእኛ ከተማ በአሽቀሎን ጎዳናዎች ላይ የመኪና ውድድር ተደርጎ ነበር። በወቅቱ ሕዝቡ መንገዱ ውስጥ እየገባ አስቸገረ። ከሮጡት መካከል ፎርሙላ ቪ የሚባሉት ትናንሽ መኪኖች ነበሩ፤ የተሠሩት ከተራዋ ፎልክስዋገን ዕቃ ነው፣ ሞተራቸውም ከነጂው ጀርባ ነበር። ትልቁ ጀኔራል ሞተርስ ለዞራ የከለከለው ነገር በአሽቀሎን መንገድ ላይ በርካሽ ሲሮጥ ታየ።

ዞራ በ1975 ጡረታ ወጣ። ሞተሯ ከኋላ የሆነች ኮርቬት ሳትወጣ ሚያዝያ 21 ቀን 1996 በ86 ዓመቱ አረፈ። አመዱ የሚገኘው በኬንታኪ፣ ቦውሊንግ ግሪን ከተማ፣ ኮርቬት በምትሠራበት ቦታ ባለው የኮርቬት ሙዚየም ነው።

ሐምሌ 2019 ላይ ጀኔራል ሞተርስ አዲሷን ኮርቬት ለሕዝብ አሳየ። ሞተሯ ከነጂው ጀርባ ነው። ከክብደቷ 60 በመቶ ያህሉ በኋላ ጎማዎቿ ላይ ያርፋል፤ ከቆመችበት ተነስታ 96 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ ሦስት ሰከንድ ያህል ይበቃታል። በፊት መስታወቷ ጥግ ላይ፣ ተጠግቶ ላየው ሰው፣ የዞራ የጎን ምስል አለ።