ሬይመንድ ካውልስ እና የእንሽላሊት ሙቀት

ሬይመንድ ካውልስ እ.ኤ.አ. በ1896 በደቡብ አፍሪካ፣ ናታል፣ ከሚሲዮናውያን ቤተሰብ ተወለዱ። ቀደምት ጥናታቸውም ከተወለዱበት ምድር አልራቀም፤ በ1930 ባሳተሙት ሥራ የናይል አርጃኖ እንቁላሏን በምስጥ ኩይሳ ውስጥ እንደምትጥል ገለጹ።

ኋላም ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ትኩረታቸውን ወደ በረሃ እንሽላሊቶች አዞሩ። በዘመኑ ተሳቢ እንስሳት ደመ ቀዝቃዛ እንደሆኑ፣ የሰውነታቸውም ሙቀት የአካባቢውን አየር ተከትሎ ብቻ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ይታመን ነበር። ካውልስ ከቻርልስ ቦገርት ጋር በ1944 ያወጡት ጥናት ይህን እምነት አናጋ። እንሽላሊት ጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፤ ሲግል ወደ ጥላ ይሸሻል፤ ሲብስበትም ጉድጓድ ይገባል። በዚህ ጠባዩ የሰውነቱን ሙቀት በጠባብ ክልል ውስጥ ይጠብቃል።

ጥናቱ አንድ አሳሳቢ ነገርም አሳየ፤ ለእንሽላሊቱ የሚስማማው ሙቀትና የሚገድለው ሙቀት የሚለያዩት በጥቂት ዲግሪዎች ብቻ ነው። ካውልስ በ1975 አረፉ። ምድር እየሞቀች ባለችበት በዛሬው ጊዜ፣ የእንሽላሊትን ኑሮ የሚያጠና ተመራማሪ ከአየሩ ሙቀት ጋር የጥላውንና የጉድጓዱን መኖር ጭምር መመዝገብ የሚገባው ከዚህ የተነሣ ነው።